ጡሩምባው እስከሚሰማበት

የነበርነው እነዚህ ነን፦ የእድራችን ዳኛ፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ፣ ጠላ ሻጯ እማማ፣ ካርታ ይዞ የመጣው ቀያሽ፣ እኔ። ዘመኑ የደርግ ነው። ቦታው ከኮልፌ ቀራኒዮ ዳር፣ ከአስኮ መንገድ ወደ ጅረቱ የሚወርደው ተዳፋት ነው። ከላይ ያለው ቀበሌ «ገጠር ናችሁ» ይለናል፤ ከታች ያለው የገበሬ ማኅበር «ከተሜ ናችሁ» ይለናል። እኛ ግን ወሰናችንን እናውቅ ነበር። የእድሩ ጡሩምባ የሚሰማበት ቤት ሁሉ የእኛ ሰፈር ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ጡሩምባ ይነፋለታል፤ ካልሰማ ጠጋ ብሎ ይሠራል።

ቀያሹ ካርታውን ድንጋይ ላይ ዘረጋ። ከጅረቱ ማዶ፣ ግማሹ ሰፈራችን ባለበት፣ ምንም አልተሣለበትም።

«ባዶ መሬት ነው። ለችግኝ ተመድቧል» አለ።

ካልተሣሉ ቤቶቹ ይፈርሳሉ ማለት ነው። ከቆምንበት በባሕር ዛፍ ተሸፍነው አይታዩም። ዳኛው ቀያሹን ተሻግሮ እንዲያይ ለመኑት፤ ጭቃውን አይቶ እምቢ አለ።

«ባዶ? እኔ እዚያ ማዶ የማድረው ከጅብ ጋር ነው?» አሉ እማማ።

«እማማ፣ እኔ የማየውን ነው የምሥለው።»

ዳኛው ወደ ጡሩምባ ነፊው ዞሩ። «ንፋ!»

«ማን ሞቶ? ሰው ሳይሞት ወይ አዲስ ቤት ሳይሠራ ነፍቼ አላውቅም።»

«እኔ ሞቻለሁ በል!» አሉ እማማ። «ደግሞ አሳምረህ ንፋ።»

ነፋ። ጠላ ሻጯ አረፉ ብሎም ለፈፈ። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ በሚያሳስርበት በዚያ ዘመን ለቀብር መውጣት ፈቃድ አይጠየቅበትም። ከባሕር ዛፉ መሃል ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶች የእድሩን ድንኳን ተሸክመው ወጡ። ደረቷን እየደቃች የመጣች ጎረቤት እማማን ቆመው ስታያቸው፣ «ምነው እማማ፣ ወጤን አሳረሩኝ እኮ!» አለች።

ዳኛው ነገሩን አስረዱ። ማንም ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ቀያሹን ከበን ቆምን።

«በሉ ተበተኑ!» አለ ቀያሹ።

«ቤታችንን ሣልና እንበተናለን» አለው ድንኳን ከተሸከሙት አንዱ።

ቀያሹ እርሳሱን አወጣ። ሁሉም ወደየቤቱ እየጠቆመ አሣለው። እኔ ምንጩን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትወስደውን መንገድ ከነጠማማነቷ አሣልኩት። ችግኙ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ።

ዛሬም ያ ቦታ ጫካ ብቻ ነበር የሚሉ አሉ። አልነበረም፤ ሰው ይኖርበት ነበር። በዚያ ቀን ከማዶ የመጣችሁ ሁሉ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ማን ከየትኛው ቤት እንደወጣ፣ ጅረቱን በየት በኩል እንደተሻገራችሁ ንገሩኝ። የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ። ከዚህ ታሪክ አንድም ቤት እንዲቀር አልፈልግም።