በታርጋ የተገኘው የክርስትና ስሜ

ሰቆጣ ገበያ ዳር አንድ ነጋዴ ባዶ ቦታ ተከራየና ዙሪያውን ገመድ ዘረጋበት። መኪና ከውስጥ ያቆመ ሰው ይከፍላል ተባለ። እኔ ከአበርገሌ ፍየልና ማሽላ የምጭንባት አሮጌ ፒካፕ ነበረችኝ። ከውስጥ አላቆምሁም። ከገመዱ ውጭ፣ ሰው በሚሄድበት ላይ፣ የነጋዴውን ግንብ ተጠግቼ አቆምሁ። ዘበኛው ቲኬቱን ይዞ መጣ።

«አባት፣ ይክፈሉ።»

«ለምኑ?»

«ለማቆሚያው ነዋ።»

«ገመድህ እዚያ፣ መኪናዬ እዚህ። ጥላውን ነው የምታስከፍለኝ?»

«ጥላውስ ቢሆን የጌታዬ ግንብ ጥላ አይደል?» ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያ ፀሐይ ስትዞር ጥላውን ተከትለህ ጎረቤቱን አስከፍለው» አልሁና ጥዬው ሄድሁ። ታርጋዬን ሲጽፍ አየሁት። ይጻፍ፤ ታርጋ የተለጠፈው ሊታይ አይደል ወይ?

ወር ሳይሞላ አንድ ሰው ከሰፈሬ ድረስ መጥቶ ከደጄ ተጣራ። መጀመሪያ በመጠሪያዬ ጠራኝ፤ ቀጠለና የክርስትና ስሜን ደረበበት።

በእኛ አገር የክርስትና ስም ለባዳ አይነገርም። የኔን በሕይወት ካለ ሰው የሚያውቁት የነፍስ አባቴና ሚስቴ ብቻ ነበሩ። ስሙ ከጠላት እጅ ከገባ መድኃኒት ይደረግበታል፣ ይደገምበታል፤ ሰው ያለ በሽታ ይመነምናል። የፈለገ ተረት ይበለው። እኔ ግን ሚስቴን ተጣራሁ።

ሚስቴ ሰፌዱን አስቀምጣ ወጣች። «ማን ነገረው?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ።»

«እኔን እንዳታየኝ!»

መልእክተኛው የነጋዴው ሰው ነው። «የማቆሚያውን ካልከፈሉ እከሳለሁ ብለውዎታል» አለኝ።

«ይህን ስም ከየት አመጣኸው?»

«ተጽፎ ነው የተሰጠኝ። ስምዎ አይደለም እንዴ?»

ነው ብል ጉድ፣ አይደለም ብል ሐሰት። ፊቴን አዙሬ ወደ ቤት ገባሁ።

በነጋታው ከነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። «አባ፣ ስሜን ለማን ሰጡት?» አልኋቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምስጢር ሸጠህ በላህ ነው የምትለኝ? በል መጀመሪያ የራስህን አፍ መርምር» አሉኝ።

መንገድ ላይ መረመርሁት። መኪናዋን ስገዛ ታርጋ የሚሰጠው ቢሮ ስሜን ጠይቆኝ ነበር። መጠሪያዬን ከነገርሁ በኋላ «የክርስትናውንም ከጎኑ ጻፍልኝ» ብዬ አጽፌያለሁ። አስቤበት ነው። ወደ ተከዜ የሚወርደው መንገድ ገደል ነው፤ ብገለበጥና የማያውቀኝ ሰው ቢያነሳኝ ቄሱ በምን ስም ይፍቱኝ? ፍትሐት ያለ ክርስትና ስም አይሆንም። መንግሥት ደግሞ የጻፈውን ቆልፎ ያስቀምጣል የሚል እምነት ነበረኝ።

ሰቆጣ ወርጄ ቢሮው ገባሁ።

«ስሜን ለነጋዴው ማን ሰጠው?»

«ታርጋውን ይዞ መጣ፣ የማን ነው አለን፣ ነገርነው» አለኝ ሠራተኛው። «ምን ችግር አለው አባባ?»

«እኔ የነገርሁት ለመንግሥት ነው፤ ለባለ ገመድ አይደለም።»

«ስም ምን ምስጢር አለው? ከፍለው ይገላገሉ።»

«እስኪ ያንተን የክርስትና ስም ንገረኝ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እሱን እንኳ…» ብሎ ቀረ። ከጎኑ የተቀመጠችው ጸሐፊ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን ባመመኝ ቁጥር ተጀመረ እል ነበር። እህል አልወርድ አለኝ። ሚስቴ ጠበል አመጣችልኝ፤ ጠጥቼም ስጋቱ አልለቀቀኝም።

ነጋዴውን ከሽማግሌ ፊት አስጠራሁት። ሽማግሌዎቹ ከግንቡ ሥር ሄደው መኪናዋ የቆመችበትን አዩ። ዘበኛውን ጠየቁት፤ ከገመዱ ውጭ እንደነበረች አልካደም። ክፍያው ይቅር አሉ። ነጋዴውም «ይቅር፣ ለእኔ ይህች ምን ታደርግልኛለች?» ብሎ ለመሄድ ተነሳ። እኔ ከተቀመጥሁበት አልተነቃነቅሁም።

«ደግሞ ምን ቀረህ?» አሉኝ።

«ስሜ።»

ነጋዴው ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ቀደደው። «ይኸው፤ ይብቃዎት።»

«ከሆድህ ውስጥ ያለውንስ ማን ይቀድልኛል?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከሁሉም በዕድሜ የሚያንሱት በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉና «የሰው ነገር የያዘ ሰው መያዣ ይሰጣል» አሉት። «አንተም ያንተን ንገረው።»

የነጋዴው ፊት ጠቆረ። «የእኔን ሚስቴም አታውቀው!»

«የርሱስ ከማን አንሶ ከገበያ ወጣ?»

ላቡ መጣ። ዙሪያውን አየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ።

«ከወጣ እርስዎ ነዎት» አለኝ።

«የእኔም ከወጣ አንተ ነህ» አልሁት።

የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። የባሰ ከበደኝ። አንደበቴ እንዳያመልጠኝ ብዬ ጠላ መቅመስ ተውሁ። በእንቅልፌ እንዳልቃዥ ስል ከሚስቴ ተለይቼ መደብ ላይ ተኛሁ።

በዚያው ክረምት ነጋዴው ታሞ ሆስፒታል ገባ ሲሉ ሰማሁ። ወባ ነው አሉ። ማንም ምንም አላለኝም፤ እርሱ ግን ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። ዝናቡ እየወረደ ሄድሁ። ከአልጋው ላይ ሆኖ አየኝ፤ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም።

«አልነገርሁም» አልሁት።

«ማርያምን ይበሉ።»

«ማርያምን።»

ሚስቱ የምንባባለው አልገባትም። «አባቴ፣ እህል እምቢ ብሎኛል፤ እስኪ እርስዎ ይለምኑልኝ» ብላ የሾርባውን ሳህን ሰጠችኝ። ማንኪያውን ወደ አፉ ሳስጠጋ ከንፈሩን ገጠመ።

«መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱት» አለኝ።

ቀመስሁ፤ እያየኝ ዋጥሁ። ቀጥሎ ያለውን ማንኪያ አነሳሁለት። አፉን ከፈተ።