በፍልሰታ የተበላችው የወተት ከረሜላ

ንዴቴ ቶሎ ይመጣል፤ ይቅርታዬ ግን እንደ ተበላሸ ሚኒባስ ተገፍቶ ነው የሚነሳው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ አረንጓዴው ወረቀት ሳወራ ራሴን ንጹሕ ላደርግ የተነሳሁ እንዳይመስል ነው።

መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ከረሜላ ሠርቼ እሸጣለሁ። ስኳር፣ ሎሚና የተቆላ ሰሊጥ ብቻ፤ ወተት የለበት፣ ቅቤ የለበት። በአረንጓዴ ወረቀት ጠቅልዬ ሁለቱን ጫፍ እጠመዝዘዋለሁ። ከደሴ የሚመጣውም ከወልድያ የሚመጣውም መንገደኛ ስሟን አይጠይቅም፤ ስምም የላት። እጁን በመስኮት አውጥቶ «አረንጓዴዋን!» ይላል። ጾም ሲገባ ደግሞ ገበያዬ ይደራል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች እንኳ ቀለሟን ከሩቅ አይተው የጾም መሆኗን ያውቃሉ። ያቺ ቀለም እንጀራዬ ነበረች።

አምና ከጎረቤት ከተማችን ከግራና አንድ ነጋዴ መርሳ መጡ። ሽበታም ሙስሊም አባት ናቸው፤ ሰው ሁሉ «አያ» ይላቸዋል። እሳቸውም ከረሜላ ይሠራሉ፤ የሳቸው ግን ወተትና ኮረሪማ ያለበት ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቴ ጠረጴዛ ዘረጉ። የተከመረውን ሳይ ደሜ ፈላ። አረንጓዴ! ያው የኔው አረንጓዴ፣ ያው የጫፍ ጥምዘዛ።

ተሻግሬ ሄድኩ። «አያ፣ ይህ ቀለም የኔ ነው» አልኳቸው።

«አይ ልጄ፣ እኔም ከያዝኩት ቆይቻለሁ፤ ወላሂ» አሉኝ ረጋ ብለው። «አብሽሪ፤ የሁላችንንም ሪዝቅ፣ የዕለት እንጀራችንን፣ አላህ ያውቃል።»

መረጋጋታቸው ይበልጥ አነደደኝ። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ከሰስኩ። ኃላፊው ሁለቱን ከረሜላዎች ሲያገላብጥ ቆየና፣ «የንግድ ምልክት ማስመዝገብ ከፈለግሽ አዲስ አበባ ነው፤ ስም አውጪላት፣ ሥዕል አሠሪላት። ቀለሙን ብቻ ይዤ ግን እንዴት ያንቺ ነው ልበል? ሣሩም አረንጓዴ ነው» አለኝ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል!» ብዬው በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ላገኘሁት ሁሉ «ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ሰረቁኝ» እያልኩ ስምል ከረምኩ።

ክረምት ሆነና ፍልሰታ ገባ። በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት የሰፈራችን ባልቴት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ «እማማ» የምላቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። በእጃቸው የተፈታ አረንጓዴ ወረቀት ይዘዋል።

«አንቺ ልጅ፣ በፍልሰታ ወተት አበላሽኝ?»

«የኔ አይደለም እማማ! የማዶው ነው!»

«ታዲያ እኔ በምን ልወቅ?» አሉ።

ትናንት ከቅዳሴ ሲመለሱ አፋቸው ቢደርቅ፣ አረንጓዴዋን አይተው ከማዶ ገዝተው ኖሯል። የነፍስ አባታቸው «ሳያውቁ ነው» ብለው አጽናኗቸው፤ ወሬውን የሚያጽናና ግን አልተገኘም። «አረንጓዴዋ ወተት ገብቶባታል» ተባለ። በሁለት ቀን ውስጥ ጿሚው ሁሉ ጠረጴዛዬን እያየ የሚያልፍ ሆነ። በጾም ያልሸጥኩ መቼ ልሸጥ ነው? ፈራሁ። ከከረሜላ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ነገሩን ሽማግሌ ያዘው። ክርስቲያንና ሙስሊም ሲጣላ በኛ ዘንድ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ናቸው፤ ለኛ አንድ ቄስና አንድ ሼህ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጡልን። እማማም የተበደሉ ናቸውና መጥተው ከጎን ተቀመጡ። ከምርቃቱ በኋላ ቄሱ ወደኔ ዞረው፣ «ቀለሙን ማን ቀድሞ ያዘው?» አሉ።

«እኔ!»

«ትምያለሽ?»

«እምላለሁ!»

ሼሁ ግን ከመሐላው በፊት ከአያ ከረሜላ አንዷን አነሱና፣ «የከሰስሻትን እስቲ ደህና አድርገሽ እያት» ብለው ሰጡኝ። ጾም ነውና አልቀመስኳትም። ወረቀቷን ፈትቼ አሸተትኳት። ወተትና ኮረሪማ።

ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት ከደሴ ስመለስ መኪና ውስጥ አጥወልውሎኝ ነበር፤ ውርጌሳ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «ይቺን ምጠጪ፣ የግራና ናት» ብላ አንድ ከረሜላ ሰጠችኝ። ዳንኩ። ወረቀቱ ስላማረኝ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ኋላ ከረሜላ መሥራት ስጀምር ወልድያ ወረቀት ቤት ይዤው ሄድኩና «እንዲህ ያለ ቀለም አለህ?» አልኩ። ከዚያ ጣልኩት፤ ወረቀቱንም ነገሩንም። ረስቼው ይሁን መርሳት ፈልጌ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁሉም መሐላዬን ይጠብቃል። ዝም ብዬ ብምል ማንም አያውቅብኝም። ግን ያ ሁሉ «ዓይኔን ግንባር ያርገው» ስል የከረምኩት ትዝ አለኝና እጄ ሳላስበው ዓይኔን ሸፈነ።

«አልምልም» አልኩ። «ቀለሙ የአያ ነው። የወሰድኩት እኔ ነኝ።» ሁሉንም ነገርኳቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ ቄሱ፤ ሰው ሳቀ። ሼሁ አልሳቁም።

«ሁለታችሁም ሰርግ ደግሳችኋል» አሉ። «ለክርስቲያኑ ለብቻው፣ ለሙስሊሙ ለብቻው ታርዳላችሁ። የአንዱ ጭልፋ ከሌላው ድስት እንዳይገባ ምልክት ታስራላችሁ። ድስት መለየት የምታውቁ ሰዎች ከረሜላ መለየት እንዴት አቃታችሁ?»

አረንጓዴው ለአያ ሊፈረድ ነው ብዬ፣ ጿሚውን ሌላ ቀለም እንዴት እንደማስለምደው በልቤ እጨነቅ ጀመር። አያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቀለሙ የኔ ከሆነ ለሰው መስጠት እችላለሁ?» ብለው ጠየቁ።

«እንዴታ!» አሉ ሼሁ።

«እንግዲያው ለሷ ሰጥቻለሁ።» ወደ እማማ ዞሩ። «እኔም ረመዳንን እጾማለሁ። ሳላውቅ ጾሜን የሚያስፈታኝ ሰው ቢመጣ ምን ያህል እንደሚከፋኝ አውቃለሁ። እናታችን፣ አውፍ ይበሉኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ወተት ነጭ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ የኔዋም ነጭ ትሁን።»

አለቀስኩ። ተከራክረው ቢረቱኝ ይሻለኝ ነበር። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያሉ ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ።

በማግስቱ አብረን ወልድያ ሄደን ነጩን ወረቀት እኔው መረጥኩላቸው። ስንመለስ የመኪና መቆሚያውን እየዞርኩ፣ በሰደብኩበት አፌ «አረንጓዴ የጾም፣ ነጭ የወተት፤ ቀለሙንም ሰጥተውኝ ነው» እያልኩ ተናገርኩ። ግማሹ አመነኝ፣ ግማሹ ሳቀብኝ፤ ሁለቱንም ተቀበልኩ። የአያን ነጭ ከረሜላም በሌላ ዕቃ አድርጌ ከጠረጴዛዬ ጫፍ አስቀመጥኩ። የኔም አረንጓዴ ከሳቸው ዘንድ ተቀመጠች።

ጾሙ በተፈታ ቀን ጠዋት እማማ መጡ። ከዚያ ሽምግልና ወዲህ ከኔ አንድም አልገዙም ነበርና ልቤ ደነገጠ። ፈጥኜ አረንጓዴዋን አነሳሁላቸው።

«እሷን ተያት» አሉኝ። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያቺን ያሳሳተችኝን ስጪኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጣዕሟ ከአፌ አልጠፋም።»

ነጯን ሰጠኋቸው። እዚያው ፈትተው አፋቸው ከተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ፤ ማዶ ሆነው የሚያዩን አያ በእጃቸው አፋቸውን ከድነው ይስቃሉ።

«ረቡዕ ደግሞ ለአረንጓዴዋ እመጣለሁ» አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።