አውሬዬና የባሌ ኤሊ

ላፕቶፕ የገዛሁ ቀን ባሌ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል?» እኔ ከሻጩ ጋር የፕሮሰሰር ወሬ ይዤ ስለነበር ወሬዬን ያበላሸብኝ መሰለኝ። «ኮምፒውተር እንጂ ፋኖስ አልገዛ!» አልኩት፣ እዚያው ሻጩ ፊት። ሻጩ ሳቀ። ባሌ ካርቶኑን ተሸክሞልኝ ወጣ።

የእኔው ኮር አይ ሰባት ነው፤ ጌም ለሚጫወቱ ሰዎች የተሠራ፣ ሻጩ «አውሬ ነው» ያለው። የባሌ ላፕቶፕ ግን ስስ ነገር ነው፤ ማራገቢያ እንኳን የለውም፣ አንድ ፋይል እስኪከፍት ሽሮ ይበስላል። «ኤሊው» እለዋለሁ። ግን ቁስቋም ካለው ቤታችን ጠዋት ይዞት ወጥቶ፣ ሆስፒታል ሲሠራበት ውሎ፣ ቻርጀር ሳይነካው ይመለሳል። እኔ ካፌ ስገባ ከወንበር በፊት የምፈልገው ሶኬት ነው። ታዲያ አፌ መች ያርፋል!

የማስተርስ ጥናቴን ፈታኞች ፊት የማቀርብበት የዲፌንሴ ቀን ደረሰ። ጥናቴ ትክል ድንጋይ በሚባለው አገር አፈሩን ጎርፍ እንዴት እንደሚወስደው ነው። የአማቴ አገር ነውና እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው አዳራሹ ድረስ መጡ። ባሌ ኤሊውን ግማሽ ከድኖ ጭኑ ላይ ይዞ ተቀመጠ።

«ዛሬ እንኳን ቤት ብትተወው ምናለ? ሰው ፊት ታሰድበኛለህ!» አልኩት።

ተራዬን ስጠብቅ በኮምፒውተር የሠራሁትን ተራራ እያሽከረከርኩ ለአማቴ አሳየኋቸው። ማራገቢያው አጓራ።

«ምነው ልጄ፣» አሉ፣ «ይህን ያህል ጮኾ ዱቄቱ የታለ?»

ከኋላ ያሉት ሁሉ ሳቁብኝ። መብራት የሄደውም ያኔ ነው። እኔ ምን አሳሰበኝ፤ አውሬ ይዤ!

ተጠራሁ። ፕሮጀክተሩ ስለማይሠራ ፈታኞቹ ጠረጴዛዬን ከበው ተቀመጡ። ተራራው ላይ ስደርስ አውሬዬ መንቀርፈፍ ጀመረ፤ ከዚያ ባትሪው አልቆ ስክሪኑ ድርግም አለ። ዋናው ፈታኝ ሰዓታቸውን አዩና «አምስት ደቂቃ እንጠብቅሻለን፤ ካልሆነ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ይተላለፋል» አሉ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት! ኤሊው ደግሞ በአምስት ደቂቃ ፍላሼን እንኳን አንብቦ አይጨርስም።

ባሌ ተነስቶ መጣና የኤሊውን ክዳን ገለጠው። ጽሑፌ ከነተራራው ተከፍቶ ቁጭ ብሏል። ተራራው አልሽከረከርም ብሎ ድርቅ አለ እንጂ፣ በቆመበት አስረድቼ አለፍኩ።

ስንወጣ «መቼ ነው የከፈትከው?» አልኩት።

«ጠዋት፣ ቤት። ማታ ከፍላሽሽ ገልብጬ አደርኩ። እስኪከፍት ጊዜ ይፈጅበታል ብዬ ነው።»

ባትሪውን አየሁት፤ ገና ግማሹ አለ። ንዴት ይሁን ፍቅር እንጃ፣ እንባዬ መጣ።

«ታዲያ የእኔው እንደሚሞት ካወቅህ ምነው አልነገርከኝም?» ብዬ ጮኽኩበት።

«ሻጩ ፊት ነገርኩሽ እኮ» አለኝ።