መወጣጫው እስኪመረቅ

በተሽከርካሪ ወንበር የምሄድ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመማሪያ ሕንፃችን መግቢያ ደረጃ ብቻ ስለነበረው፣ የአምባሰል ልጅ የሆነው የዶርም ጓደኛዬ በየጠዋቱ አዝሎ ያወጣኝ ነበር። ከብዙ አቤቱታና ስብሰባ በኋላ ለወንበሬ የሚሆን መወጣጫ ተሠራ። ሲሚንቶው ደርቋል ተብለን ስንመጣ ግን በሪባን ታጥሮ ዘበኛ ቆሞበታል።

«እስኪመረቅ ድረስ ማንም አይወጣበትም» አለን ዘበኛው።

«እኔም እኮ ለመመረቅ ነው የምወጣው» አልኩት።

ሳቁን ዋጥ አድርጎ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ጓደኛዬ «አብሽር» ብሎ ሪባኑን ከፍ ሲያደርግልኝ በሥሩ ሾለክሁ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጎማውን በገዛ እጄ እየገፋሁ በሩ ላይ ደረስኩ።

ወዲያው መወጣጫውን የሚመርቁት ኃላፊዎች መጡ። ስለ አካታችነት ረጅም ንግግር ተደረገ፤ ሪባኑ ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ። ፎቶ አንሺው ቀና ሲል እኔን ላይ በሩ ጋ አየኝ።

«ወንድሜ፣ ውረድና እንደገና ውጣልን። አሁን ተመርቋል» አለኝ።

«ክፍል አለኝ» ብዬው ገባሁ።

በማግስቱ በተለጠፈው ፎቶ ላይ መወጣጫውን ሞልተው የቆሙት ኃላፊዎቹ ብቻ ነበሩ። ጓደኛዬ ልብ ብሎ አየውና፣ «እነሱንም አካቷል» አለኝ።