የባለወፍጮው ስም

ዛሬ ጠዋት ዙሪክ ያሉት የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ደወሉልኝ። የአክስቴ የብርነሽ አርባ ቅዳሜ ነው፤ ለጸሎቱ የክርስትና ስሟን ፈልገው ነበር። «ልጠይቅና ልደውልልዎ» ብዬ ዘጋሁ። ማንን እንደምጠይቅ ግን አላውቅም። ስልኩን እንደያዝኩ ያ እሷ ትኖርባት የነበረችው የቨርሷ ከተማ ብርድ ትዝ አለኝ፤ ከነንዴቱ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው አገር የለቀቅኩት። ዙሪክ አጠገብ ረገንስዶርፍ ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ ስኖር የጥገኝነት ጥያቄዬ «ኔጋቲቭ» ተብሎ ተመለሰ። ያን ጊዜ ነው በቤታችን የሚወራላቸው ዴንማርካዊ ቅድመ አያቴ ትዝ ያሉኝ። ወፍጮ ሊተክሉ አገራችን መጥተው፣ አግብተው፣ ወልደው እዚያው የተቀበሩ ሰው ናቸው። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል፤ እኔም በእሳቸው በኩል ወረቀት አገኛለሁ ብዬ ተነሣሁ። የጀርመንኛ አስተማሪዬ ጓደኛ የሆነች አንዲት ዴንማርካዊት፣ ስማቸውን ብቻ አምጣልኝ፣ ሌላውን እኔ አፈላልግልሃለሁ አለችኝ።

ስማቸውን የሚያውቅ ቢኖር እቴቴ ብርነሽ ናት። ጄኔቭ አንድ ዲፕሎማት ቤት ትሠራ ነበር፤ መኖሪያዋ እዚያው አጠገብ፣ ቨርሷ። ባቡሩ ላይ መንገዱን ሙሉ በሐሳቤ ዴንማርክ ስገባ ስወጣ ቆየሁ። ስወርድ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ጆሮዬን ሊቆርጠው ደረሰ። እቴቴ ምስር ወጥ ሠርታ፣ እንጀራ ስላልነበራት በባጌት ዳቦ አቀረበችልኝ።

ጥያቄዬን ሳልጨርስ ጀመረች። ቅቤ በማር ይወዱ ነበር፣ በቅሎ ላይ ሲወጡ እግራቸው መሬት ሊነካ ይደርስ ነበር፣ ዱቄቱ ጢማቸው ላይ ሲያርፍ ልጆች ሸበቱ እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ሁሉንም ከአያቷ፣ ከሚስታቸው የሰማችው ነው። ያልጠየቅኳትን ሁሉ ታውቃለች። ስማቸውስ ስላት፣ «ገብረ ማርያም» አለችኝ።

«እሱማ ሊያገቡ ሲጠመቁ የወጣላቸው ነው። ከአገራቸው ይዘውት የመጡት?»

«ምን አውቄ። ሰው ባለወፍጮው ነው የሚላቸው። አያቴ እንደሆነች እንኳን ስማቸውን ልትጠራ ጥላቸውን ረግጣ አታውቅም። ባሏን በስሙ የምትጠራ ባለጌ መሰለችህ?»

በገንኩ። በአንዲት ሴትዮ ጨዋነት የእኔ ዕድል ይዘጋ? አስቢ እስቲ፣ አስታውሺ እያልኩ ነዘነዝኳት። ወጡ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ እሷም ተቆጣች።

«በሰማይ የሚጠሩበትን ነገርኩህ። የምድሩ ምን ያደርግልሃል?»

«እኔ የምፈልገው የምድሩን ነው» ብያት ካፖርቴን አነሣሁ።

ለዴንማርካዊቷ ያንኑ ገብረ ማርያምን ወሰድኩላት። ሌላ ምን አለኝ? አልሳቀችም፤ በትሕትና እንዴት ተብሎ እንደሚጻፍ ጠየቀችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወረቀቱ ከዓመታት በኋላ በሥራ በኩል መጣ፤ ባለወፍጮው ምንም አልረዱኝም። ከእቴቴ ጋር ታርቀን በየበዓሉ ቨርሷ ብመላለስም፣ ወሬያቸው በተነሣ ቁጥር ጸጉሬ እስኪሸብት ድረስ እበሽቅ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አገር ቤት ደወልኩ። ያገኘኋቸው ዘመዶች እቴቴ ምን እንደምትወድ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ እንዴት እንደምትሸፍን ይነግሩኛል። የክርስትና ስሟን የሚያውቅ ግን የለም፤ እናቷም የክርስትና እናቷም ቀድመዋት ሄደዋል። እኔም በዚያ ሁሉ ዓመት ጠይቄያት አላውቅም። ፓስፖርቷ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ከደብዳቤ ሣጥኗ ላይ የተነቀለው የስም ሰሌዳ ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። የምድሩን ነበር የፈለግኩት፤ ይኸው ሞልቶኛል። ቄሱ የሚጠብቁት ግን የሰማዩን ነው።