በአጥሩ ሥር ያሉት ቲማቲሞች

የሸዋ ሮቢት ፀሐይ በመጋቢት ምሕረት የላትም። በልጉ ዘገየ፣ የቧንቧውም ውሃ ጠፋ። ለመጠጥ ብቻ በጀሪካን ስናስቀዳ ጓሮዬ ያሉት የቲማቲም ችግኞች ጠወለጉ። በጎረቤቴ በጋሼ ሰይድ አጥር ሥር ያሉት ብቻ ለምልመው አበቡ።

እዚያ ጥግ የፍየል ፍግ ጨምሬ ስለነበር ምስጋናውን ለራሴ ወሰድኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱትን ጋሼ ሰይድን ጠርቼ ስለ ፍግ አስተማርኳቸው! በትዕግሥት ሰሙኝና «ማሻአላህ፣ እጅህ በረካ አለው» አሉኝ።

ከዚያ ልጃቸውን ሊጠይቁ ማጀቴ ከተማ ሄደው አምስት ቀን ቆዩ። ቲማቲሞቼ አንገታቸውን ደፉ። ፍግ ብጨምር፣ ብጨምር፣ ወይ ፍንክች!

በተመለሱ ማግስት የዙህር አዛን ሲል ከአጥሩ ማዶ ውሃ ሲፈስ ሰማሁ። አጮልቄ ባይ፣ ጋሼ ሰይድ ኩስኩስታቸውን ይዘው ለሶላት እግራቸውን ይታጠባሉ፤ ውሃው በአጥሩ ሥር ወደ ቲማቲሞቼ ይወርዳል። ተቀምጠው የሚታጠቡባት ድንጋይ ዱሮ ፓፓያቸው ሥር ነበረች።

«ድንጋይዋን ለምን አመጧት?» አልኩ በሐፍረት።

«ፓፓያው አድጓል፣ ጥም ይችላል። ያንተዎቹ ገና ሕፃናት ናቸው» አሉና ሌላውን እግራቸውን መታጠብ ጀመሩ። «ፍጉን ግን ቀንስ ልጄ፣ ያቃጥላቸዋል።»