የአክስቴ የወይዘሮ አንጓች እንዶድ

የአክስቴን የወይዘሮ አንጓችን ማረፍ ሰምታችሁ፣ ከይጁቤም ከሮብ ገበያም መጥታችሁ ከእኛ ጋር ላለቀሳችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልን። ነጠላችንን ዘቅዝቀን ቀበርናቸው። አሁን እንባዬ ጋብ ሲል፣ በአንድ ግቢ አብሬያቸው የኖርኩት የእህታቸው ልጅ ስለ እሳቸው ጥቂት ልበል። ጥቂት ማለት እንደማልችል ግን ታውቁኛላችሁ።

እንዶዳቸውን የማያውቅ አለ? አጥራችን ላይ የተጠመጠመውን፣ ያን ነጣ ያለ አበባ የሚያወጣውን? ፍሬውን ሳይበስል ለቅመው፣ አድርቀውና ወቅጠው ወደ ጨሞጋ ወንዝ ሲወርዱ የሹም ቤት ጋቢ ሳይቀር ይከተላቸው ነበር። አረፋው ክንዳቸውን ያለብሳቸዋል፤ ያጠቡት ኩታ ሣር ላይ ሲሰጣ ዓይን ያጥበረብራል። ቅጠሉን ለችፌም፣ አልቅት ለያዘው ከብትም ያውሉታል። ሥሩን ከምን ጋር እንደሚቀምሙት ግን ለማንም ተናግረው አያውቁም። የዳነ ሰው ሊያመሰግን ሲመጣ «እኔ ቅጠል በጣሽ ነኝ፤ ያዳነህ እግዜር ነው» ይሉት ነበር።

ልጅ አልወለዱም። ታዲያ መድኃኒቱን ከእኔ ሌላ ማን ሊወርስ ኖሯል?

መድኃኒት እንዴት እንደሚቆረጥ የአገራችን ሰው ያውቃል። ቆራጩ ጎህ ሲቀድ ከሰው ሳይነጋገር ይወጣል፤ ይዞ ቤቱ እስኪገባም አይናገርም፣ ማንም አያናግረውም። ቃል የነካው አይሠራም። ልጅ ሳለሁ አንድ ማለዳ ሥሩን ይዘው ሲመለሱ በር ላይ አገኘኋቸውና «እንዴት አደሩ?» አልኳቸው። ምን ላድርግ፣ ታላቅ አይቶ ዝም ማለት ነውር አይደል? ያን ሁሉ ሥር ወዲያ ጣሉት። «አይ አንቺ ልጅ! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል አልሰማሽም?» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ነው ያንገበገበኝ።

በኋላ ያቺ ይታይሽ ከደምበጫ መጣች፣ ልብስ አጠባ ልታግዝ። ዘመድ አይደለች፣ አበልጅ አይደለች። እንዴት ዋልሽ ቢሏት ራሷን ነቅንቃ የምታልፍ! ከወንዝ ሲመለሱ በመካከላቸው አንድ ቃል የለም፤ ፊታቸው ግን ሲጫወቱ የዋሉ ሰዎች ፊት ነው። በቅናት አረርኩ። በመጨረሻው ሕመማቸው ውሃ የጠጡት ከእኔ እጅ ነው፤ ምርቃቱንም አዥጎደጎዱልኝ። ከዚያ «እስቲ ይታይሽን ጥሪልኝና ውጪ» አሉኝ። በሩም ተዘጋብኝ።

አክስቴ፣ ካሉበት ሆነው ይስሙኝ። ሞቱ ብዬ አልዋሽዎትም፤ ቅናቴ አልበረደም። ትናንት አንድ ሰው የታመመ ልጁን አዝሎ መጣና ማረፍዎን ሲሰማ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ይታይሽ መቆፈሪያዋን ይዛ መጣች። ግቢው አሁን የእኔ ነው፤ እንዶዱም የእኔ ነው። አንዲት «እንዴት አደርሽ» ብትወጣኝ ባዶ እጇን ትመለስ ነበር። ምላሴ አሳከከኝ። በሩን ከፈትኩላት። ሥሩን ቆፍራ፣ በፊቴ አልፋ፣ ሄደች።

ዝም አልኩ፣ አክስቴ። እኔ! ደህና ይሁኑ፤ ያልተናገርኩትን ሁሉ እዚያ ስመጣ አወራልዎታለሁ።